የወንዝ ዳር ግንባችን ሳያልቅ ሰኔ እንዳይገባ

ለከተማ ፕላን፣ ለመንገድና ጎርፍ ማፋሰሻ፣ ለቤቶች እና ለአደጋ መከላከል ሥራ ኃላፊዎች

ግልባጭ፦ ከላይም ከታችም ለሚኖረው የአዲስ አበባ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ ተጀምሮ ስለቆመው የድጋፍ ግንብ እና በየክረምቱ ስለሚገባብን ጎርፍ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። እኛ በአዲስ አበባ በአንድ የወንዝ ዳር ሰፈር የምንኖር፣ በአንድ እድር የታቀፍን ጎረቤታሞች ነን። መዝገባችን ላይ የ214 ቤተሰብ ስም አለ። ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያዘዙን እነሱ ናቸው። ባለፈው የእድር ስብሰባ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተወራው ስለ ግንቡ ብቻ ነበር። የወር መዋጮ የሰበሰብነው ሰው ሊበተን ሲል ነው።

አሁን የካቲት ነው። ፀሐይና አቧራ ነው። ወንዙ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ልጆች ድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል። በዚህ ወቅት ስለ ጎርፍ መጻፍ ያለ ጊዜው ሊመስል ይችላል። እኛ ግን አስበንበት ነው። በነሐሴ ብንጽፍ ልታመጡልን የምትችሉት ብርድ ልብስና ፍራሽ ብቻ ነው። ግንብ የሚገነባው፣ ቦይ የሚጠረገው፣ አፈር የሚነሣው አሁን ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣን ነገር ይህ ነው። የዛሬ ዓመት ኅዳር ላይ በወንዙ ዳር የድጋፍ ግንብ ሊሠራልን ሰዎች መጡ። ለኩ፣ ቀለም ቀቡ፣ ኤክስካቫተር አስገቡ። በሽቦ ሳጥን ውስጥ ድንጋይ እየደረደሩ 40 ሜትር ያህል ሄዱ። 100 ሜትር ነበር የተባለው። ከዚያ አንድ ጠዋት ማሽኑ ተጭኖ ሄደ። ስንጠይቅ «በጀቱ ለሌላ አስቸኳይ ሥራ ዞሯል» ተባልን። ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገብተናል። ሦስቱም «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም ተመቶባቸዋል። መልስ የለም። የቢሮውን ስም እዚህ አንጠራም፤ ሰው ለማሳጣት አይደለም የጻፍነው።

ግማሽ ግንብ ጭራሽ ግንብ ከሌለው ይብሳል። ይህን ባለፈው ክረምት ተማርን። ውሃው ግንቡ ያለበትን ዳር መብላት ሲያቅተው ኃይሉን ይዞ ግንቡ ያለቀበት ጫፍ ላይ ይዞራል። ድሮ እየተበተነ ትንሽ ትንሽ ይወስድ የነበረውን አፈር አሁን ከአንድ ቦታ ይወስዳል። በአንድ ክረምት ብቻ ዳሩ ወደ ቤቶቹ ሦስት ሜትር ገብቷል። አንድ የጋራ መጸዳጃ ቤት ከነግድግዳው ወንዝ ወርዷል። ከሱ ቀጥሎ ባለው ቤት ጓሮ በኩል መውጣት ለልጆች ተከልክሏል። በሩ በሚስማር ተመቷል።

ያንን ሌሊት እንንገራችሁ።

ነሐሴ መጀመሪያ ነበር። እኛ ሰፈር ካፊያ ነገር ነበር፤ ይህ ነው የሚባል ዝናብ አልጣለም። እንጦጦ ግን ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ጠቁሮ ነበር። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ የወንዙ ድምፅ ተለወጠ። ወንዝ ዳር የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። መጀመሪያ የሚሰማው ውሃው አይደለም፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ነው። ሰው እየተጠራራ ወጣ። ከወንዙ በኩል ብቻ ቢመጣ ኖሮ እንደምንም እንመክተው ነበር፤ በጆንያ አፈር ሞልተን ተዘጋጅተናል። ግን ሌላ ውሃ ከጀርባችን፣ ከላይ ከአስፋልቱ በኩል መጣ። መሐል ቀረን።

ውሃ የገባባቸው ቤቶች 31 ናቸው። እንጀራ ጋግራ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት አንድ ኩንታል ጤፏን አጣች፣ የኤሌክትሪክ ምጣዷም ተቃጠለ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ደብተሮቹን በማግስቱ ገመድ ላይ ሲያሰጣ አየነው። አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት እናታችን አሉ፤ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። በምን እናውጣቸው ስንል አንድ ሰው የእድሩን ቃሬዛ ይዞ መጣ። አስከሬን የምንሸከምበትን ማለት ነው። አራት ወጣቶች ውሃው ወገባቸው እየደረሰ ተሸክመው አወጧቸው። በዚያ ቃሬዛ በሕይወት ያለ ሰው ስንሸከም የመጀመሪያችን ነው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ምን እንደተሰማቸው እስከ ዛሬ ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘንም።

ከዚያ በኋላ ቤታቸው የማይገባ ሰዎች ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ዘጠኝ ቀን አደሩ። የተማሪ ምዝገባ ሲጀመር ውጡ ተባሉ። ወጡ፤ ወደዚያው ወደ እርጥቡ ቤት።

«የተፈጥሮ አደጋ ነው፤ ምን ይደረጋል» የሚል መልስ በየቢሮው ሰምተናል። አንቀበለውም። ውሃው ከየት እንደሚመጣ በዓይናችን እናያለንና።

እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። ከተማችን የተዘረጋችው በዚህ ተዳፋት ላይ ነው። ቀበናም፣ ግንፍሌም፣ ቀጨኔም፣ ቁርጡሜም ቁልቁል ወርደው ከትልቁ ወይ ከትንሹ አቃቂ ጋር ይገናኛሉ። የሁለቱም ማረፊያ የአባ ሳሙኤል ግድብ ነው። ስለዚህ ላይ የተደረገ ነገር ሁሉ ታች ይደርሳል። ላይ ያለው ሰው ግቢውን ሲሚንቶ ሲያለብስ፣ ታች ያለው ሰው በሩ ላይ ውሃ ይጨመርበታል። ሁለቱ አይተዋወቁም።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያውና ንጣፉ 200 ካሬ የሆነ ግቢ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 6,000 ሊትር ይሆናል። በትልቁ በርሜል 30 በርሜል ማለት ነው። ከአንድ ግቢ ብቻ። ቦታው ሣር በነበረ ጊዜ ከዚህ ብዙውን መሬት ይጠጣው ነበር። አሁን ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ አስፋልት ላይ ነው። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.1 ሚሊዮን ያህል ነበር። በ1999 ዓ.ም. 2.7 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ከተማዋ ግን የት እንደደረሰች ማንም ያያል። ያ ሁሉ አዲስ ቤት፣ ያ ሁሉ አዲስ መንገድ ውሃውን የሚልከው ወደነዚያው የድሮ ወንዞች ነው። ወንዞቹ ደግሞ አልሰፉም። ጠበቡ እንጂ።

ዝናቡም ቢሆን ጠባዩ ተለውጧል። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መሸከም ይችላል። የተሸከመውን ሲጥለው በአንድ ጊዜ ነው። ሽማግሌዎቻችን ሲያወሩ የድሮ ክረምት ቀኑን ሙሉ እያለቀሰ የሚውል ነበር ይላሉ። አሁን ግማሽ ቀን ፀሐይ ይሆንና ከዚያ አርባ ደቂቃ ያንጎደጉደዋል። ቱቦው ግን የተቀበረው በድሮው ዝናብ ልክ ነው።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ከሰፈራችን በላይ የዛሬ ሦስት ዓመት አዲስ መንገድ ተሠራ። መንገዱን ጠልተን አይደለም፤ አምቡላንስ የሚገባው በሱ ነው። ነገር ግን የመንገዱ ውሃ ሁለት በርሜል በሚያህሉ ሁለት ቱቦዎች ተሰብስቦ የሚፈሰው ከመግቢያ ኮረኮንቻችን ራስጌ ላይ ነው። ከእድርተኞቻችን የአንዱ ልጅ መሐንዲስ ነው። ዲዛይኑን ለምኖ አየልን። እዚያ ላይ ውሃው «ወደ ተፈጥሮ ማፋሰሻ ይገባል» ተብሎ ተጽፏል። ያ የተፈጥሮ ማፋሰሻ የተባለው እኛ የምንሄድበት መንገድ ነው። ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድ፣ ወደ ሥራ የሚሄድበት። ዲዛይኑን የሠራው ሰው አንድ ቀን በክረምት እዚህ መጥቶ ቆሞ ቢያይ ኖሮ ያንን ቃል ባልጻፈ ነበር።

ሌላው አፈር ነው። ለፎቅ መሠረት የተቆፈረ አፈር በሌሊት በገልባጭ መኪና መጥቶ ገደሉ ውስጥ ይደፋል። ከሌሊቱ ሰባት፣ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚመጡት፤ መብራት አጥፍተው። ጥበቃዎቻችን ሁለት ጊዜ ሊያስቆሙ ሞክረው ድንጋይ ተወርውሮባቸዋል። በሰፈራችን ጫፍ አንድ አሮጌ ድልድይ አለ። የዛሬ አሥር ዓመት ረጅም ሰው ከሥሩ ቀጥ ብሎ ያልፍ ነበር። አሁን የስምንት ዓመት ልጅ ጎንበስ ይላል። ይህን የለካው ማንም መሐንዲስ አይደለም፤ ልጆቻችን ሲጫወቱ አይተን ነው ያወቅነው። ድልድዩ ሲዘጋ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ቆሻሻም አለ። በዚህ ነገር ራሳችንን ንጹሕ አናደርግም። ከኛ ሰፈርም ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ ወንዝ የሚጥል አለ። በስብሰባ ወቅሰናል፣ ቅጣት ጥለናል፤ ለአንድ ሰሞን ይቀንስና ይመለሳል። ነገር ግን የቆሻሻ ጋሪ ክረምት ሲገባ ጭቃ ነው ብሎ ሦስት ሳምንት ከቀረ፣ ቤቱ አንዲት ክፍል የሆነ ሰው ያንን ሁሉ የት ያስቀምጠው? የተጣለ ቆሻሻ ምን እንደሚያደርግ ከተማችን በቆሼ አይታለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። እዚያ የነበሩትም ቤታቸው ውስጥ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ እናቶችና ልጆች።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያንገበግበን ነገር እንምጣ። ለብዙ ዓመታት «ትነሣላችሁ» እየተባልን ነው የምንኖረው። አንዱ መጥቶ በር ላይ ቁጥር ይጽፋል። ሌላው መጥቶ ቁጥሩን ይቀይራል። የልማት ተነሺ ነን ይባላል፤ መቼ፣ የት፣ እንዴት የሚለው የለም። በዚህ ምክንያት ማንም ቤቱን አይጠግንም። ከኛ አብዛኞቹ የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/67 ከተወረሱት ቤቶች ማለት ነው። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ያለ ፈቃድ ግድግዳ መንካት አይቻልም። አንድ አባወራ ባለፈው ግንቦት በሩ ላይ ሁለት ብሎኬት ከፍታ ያለው መከለያ ልሥራ ብሎ አመለከተ፤ ውሃ እንዳይገባበት። «የሚፈርስ ቤት ላይ ፈቃድ አንሰጥም» ተባለ። ነሐሴ ላይ ውሃው ገባበት። ቤቱ እስከ ዛሬ አልፈረሰም።

ይህን ሰው ምን እንበለው? ጠብቅ አላችሁት፣ ጠበቀ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ «እናንተ ሕገ ወጥ ናችሁ፤ ማን ወንዝ ዳር ኑሩ አላችሁ» የሚል ቃል ይሰነዘርብናል። የኪራይ ደረሰኛችን አለ። የአርባ ዓመት ደረሰኝ በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀመጡ እናቶች አሉን። በጨረቃ ቤት የገባም ሰው ከመካከላችን የለም አንልም። ግን እሱም ቢሆን ወንዝ ዳር የመጣው ወንዝ ስለሚወድ አይደለም። ሌላው ቦታ ኪራዩ አልቀመስ ስላለው ነው። ጎርፉ ደረሰኝ አይጠይቅም። አደጋ መከላከልም ሰው እየመረጠ መሆን የለበትም።

ከመካከላችን የተነሡም አሉ። ከስድስት ዓመት በፊት 60 የሚሆኑ ቤተሰቦች ወደ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተወሰዱ። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ውሃ አይገባበትም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንክድም። ግን በየብሎኩ ተበትነው ነው የተሰጣቸው። አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ። ልብስ አጥባ የምትኖር እናት ደንበኞቿ እዚህ ናቸው፤ የታክሲው ሒሳብ ያገኘችውን ይጨርሰዋል። አራት ቤተሰቦች ያንን ቤት አከራይተው ተመልሰው እዚሁ ወንዝ ዳር ተከራይተዋል። ከሁሉም የከፋው ሐዘን ሲደርስ ነው። አንድ አባታችን እዚያ ሲያርፉ ድንኳን የሚተክል ሰው ጠፍቶ ከዚህ መኪና ተከራይተን ሄድን። ስታነሡን የምታፈርሱት ግድግዳ ብቻ አይደለም። እድር የአንድ ቀን ሥራ አይደለምና።

ይህን ሁሉ የምንለው ሰው ሳይሞት እንዲሰማ ነው። ሌሎች ከተሞች የከፈሉትን እናውቃለን። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተኝታ ነበር። ዝናቡ በብዛት የጣለው በሐረርጌ ደጋ ላይ ነው። ደቻቱ የሚባለው ወንዟ በጋውን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። በዚያ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ወሰደ፤ ብዙዎች የገቡበት አልታወቀም፤ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ለድሬዳዋ ስለ ግንብም፣ ስለ ማስጠንቀቂያም ይበልጥ በቁም ነገር የታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባም ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በጣለው ዝናብ ሰባት ሰው አጥታለች። በአንድ ከሰዓት ዝናብ።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ሐሳቡ ግልጽ ነው። አደጋ ከደረሰ በኋላ ከመሯሯጥ ቀድሞ ስጋቱን መቀነስ ይሻላል ይላል። እኛ የምንጠይቀው ከዚህ የተለየ አይደለም። ወንዞቹን ለማልማት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ዕቅድ በ2011 ዓ.ም. ሲነገር እኛም በቴሌቪዥን አይተናል። የወንዝ ዳር ሲለማ፣ ዛፍ ሲተከልበት፣ ውሃ መተንፈሻ ቦታ ሲያገኝ ታች ላለነውም ይጠቅመናል። የኛ ሰፈር ተራ መቼ እንደሆነ ግን የነገረን የለም። ከላይ የተዋበው ወንዝ እኛ ጋ ሲደርስ ያው ወንዝ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዎቻችንን እናቅርብ።

መጀመሪያ ግንቡ። የቀረው 60 ሜትር እስከ ግንቦት መጨረሻ ይለቅ። ጫፉም እንዲሁ ተቆርጦ እንዳይቀር፤ ወደ ዳሩ ታጥፎ ከጠንካራው መሬት ጋር ይታሰር። የጉልበት ሥራ ካስፈለገ እድሩ በየእሑዱ 50 ሰው ያቀርባል። ድንጋይ መሸከም እንችላለን። ማሽንና ሽቦ ግን የለንም።

ሁለተኛ፣ ከመንገዱ የሚመጡት ሁለት ቱቦዎች በተዘጋ መስመር እስከ ወንዙ ይውረዱ፤ መውጫቸውም ውሃው ኃይሉን በሚያበርድበት መንገድ ይሠራ። ከዚህ በኋላም ማንኛውም መንገድና ትልቅ ሕንፃ ሲፈቀድ ውሃው የት እንደሚሄድ የሚያሳይ ወረቀት ከታች ላለው ሰፈር ሰው ይታይ። ወረዳ ላይ ይለጠፍ፤ እንይ፣ እንናገር። ትልልቅ ግቢ ያላቸውም የጣሪያቸውን ውሃ በታንከር እንዲያጠራቅሙ፣ ግቢያቸውንም ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ እንዳይደፍኑ ይገደዱ። ከላይ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ይህን ለእናንተም ነው የምንለው። ክፉ አስባችሁ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ሦስተኛ፣ ከድልድዩ ሥር ያለው አፈር ይነሣ። በሌሊት የሚደፉትን መኪናዎች ሰሌዳ መመዝገብ ጀምረናል። ለማን እንደምንሰጥ ንገሩን። መረጃውን ስንሰጥ ደግሞ ከለላ ይኑረን፤ ነገ በራችን ላይ መጥቶ የሚያስፈራራን እንዳይኖር።

የቦይ ጠረጋው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። በየዓመቱ ይጠረጋል፤ የሚጠረገው ሰኔ ገብቶ ነው። የወጣው ደለልም እዚያው ቦዩ አፍ ላይ ይከመራል። የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል። ጠራጊዎቹም ያዝናሉ፤ ልፋታቸው ነው በከንቱ የሚሄደው። ጠረጋው በሚያዝያ ይጀመር። የወጣው ደለል በዚያው ቀን ተጭኖ ይሂድ። ሌላ ምንም ሳይደረግ ይህ ብቻ ቢደረግ ግማሹ ችግር ይቀላል ብለን እናምናለን።

ስለ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለን፤ ወጪውም ብዙ አይደለም። የሜትዎሮሎጂ ሰዎች የክረምቱን አዝማሚያ ቀድመው ይናገራሉ። ያ ግን ስለ ወቅቱ ነው፤ በዚህ ሌሊት፣ በዚህ ወንዝ ምን እንደሚመጣ አይነግረንም። 939 የሚለውንም የድንገተኛ አደጋ ስልክ ቁጥር እናውቀዋለን፤ ግን የምንደውለው ውሃው ከገባ በኋላ ነው። የምንፈልገው ከውሃው በፊት የሚደርስ ሰው ነው። ከላይ ባሉት ድልድዮች ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ይደረግ። ውሃው ምልክቱን ሲነካ እዚያ ያለ የጥበቃ ሠራተኛ ለታች ሰፈሮች ይደውል። ሌሊት የሚነሣ ስልክ በኛ በኩል አለ፤ ተራ ገብተን እንጠብቃለን። ስልኩ ሲመጣ የእድሩ ጡሩምባ ይነፋል። ጡሩምባችን እስከ ዛሬ ሰው ሲሞት ነው የሚነፋው። ለጎርፍ የሚነፋበትን ሌላ ዓይነት አነፋፍ ተስማምተን ለልጆች አስተምረናል። የሚደውልልን ሰው ብቻ ነው የጎደለን።

መዝገባችንንም ተጠቀሙበት። በየቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን በጋሪ እንደሚሄድ፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች እድሩ ያውቃል። በእያንዳንዱ የወንዝ ዳር ሰፈር እንዲህ ያለ እድር አለ። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የምንደርሰው እኛ ነን፤ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም ያለው እኛ ጋ ነው። ግን ስለ አደጋ መከላከል በሚደረግ ስብሰባ ላይ ተጠርተን አናውቅም።

የመጨረሻው የቤታችን ጉዳይ ነው። በጽሑፍ መልስ እንፈልጋለን። የምንነሣ ከሆነ ቀኑና ቦታው ይነገረን፤ ከክረምት በፊት ይሁን፣ የልጆች ትምህርት ሳይቋረጥ። ስትወስዱንም አንድ ላይ ውሰዱን። ዕጣው በሰው ሳይሆን በሰፈር ይውጣ፤ እድራችን እንደ እድር ይሂድ። የማንነሣ ከሆነ ደግሞ የቤታችንን ወለል ከፍ እንድናደርግ፣ በራችን ላይ መከለያ እንድንሠራ፣ ግድግዳችንን እንድናጠነክር ፈቃድ ይሰጠን። ወጪውን እንችለዋለን። ከሁለቱ አንዱን ምረጡልን። በመሐል ያቆያችሁን ዓመት ሁሉ አንድ ክረምት አለበት።

መልሳችሁን እስከ መጋቢት 30 ድረስ እንጠብቃለን። ስብሰባችን ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በእድሩ ግቢ ነው። ለሚመጣው ስብሰባ ሥራው የሚመለከተው አንድ ሰው ላኩልን። ግንቡ የቆመበትን ቦታ፣ ድልድዩን፣ የቱቦዎቹን አፍ አብረን ዞረን እናሳየዋለን። ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድም።

ከአክብሮት ጋር፣

የእድሩ ሰብሳቢ
የእድሩ ጸሐፊ
የእድሩ ገንዘብ ያዥ
የሴቶች ተወካይ
የሌሊት ጥበቃ አስተባባሪ
የእድሩ ጡሩምባ ነፊ